ጉዳዩ፡- ያስቀመጥነውን ሴቲንግ ጥሎ ስለሚመጣ የፈተና ቴምፕሌት የቀረበ ቅሬታ

ባሕር ዳር፣ ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ለኦንላይን ፈተና ቁጥጥር አገልግሎት ሰጪው ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ባሕር ዳር በሚገኝ የግል ኮሌጅ የፈተና አስተባባሪ ነኝ። የርቀትና የማታ ተማሪዎቻችን ከመራዊ፣ ከወረታ፣ ከዘጌ፣ ካሉበት ሆነው በካሜራ ክትትል የሚፈተኑት በእናንተ ሲስተም ነው።

ውል ስንገባ አብዝታችሁ የነገራችሁን ስለ ቴምፕሌቱ ነበር፤ ሴቲንጉን አንዴ አስተካክላችሁ አስቀምጡ፣ ከዚያ ለየፈተናው መምረጥ ብቻ ነው ተባልን። በፈተና ሰሞን ኮርስ በኮርስ ላይ ስለሚደራረብ ለእኛም ዋናው ነገር ይኸው ነው። ካሜራ፣ ማይክ፣ የስክሪን ቅጂ፣ የመታወቂያ ፎቶ፣ ኮፒ-ፔስት፣ ካልኩሌተር፤ ይህን ሁሉ በየፈተናው እንደ አዲስ መነካካት አንዱን ማስረሳቱ አይቀርም።

ቴምፕሌቱ ግን የሚይዘው የወደደውን ነው። «ተፈታኙ መስመር ቢቋረጥበት ተመልሶ መግባት ይችላል» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ አስቀምጣለሁ፤ በአረንጓዴ «ተቀምጧል» ይለኛል። ያንኑ ቴምፕሌት ለአዲስ ፈተና ስመርጠው ካሜራው አለ፣ የስክሪን ቅጂው አለ፣ ያች ምልክት የለችም። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ምን የለ።

እዚህ ክረምት ሲገባ በጣና በኩል ሰማዩ ከጠቆረ መብራት አይታመንም። (የጢስ ዓባይ ማመንጫ ቢርቀን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እሱ ለሌላ ቀን ይቆየን።) መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፤ ተማሪው የስልኩን ዳታ ከፍቶ እስኪመለስ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። በዚህ ወር የአካውንቲንግ ፈተና ላይ የሆነውም ይኸው ነው። የመራዊዋ ተማሪ ስትመለስ የጠበቃት «ፈተናዎ ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ ነው። ግማሹን ጥያቄ ገና አልነካችውም። ደውላ ስታለቅስ የምላት አጣሁ።

ሁለተኛው ይብሳል ባይ ነኝ። ቴምፕሌቱ የሚታየው በሠራው ሰው አካውንት ብቻ ነው። የማታውን የምትይዘው ባልደረባዬ የእኔን ማየት ስለማትችል ከዜሮ ትጀምራለች። አንድ ኮርስ፣ አንድ መምህር፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሆኖ ሳለ ለርቀቶቹ ካልኩሌተር ተፈቅዶ ለማታዎቹ ተከለከለ። ተማሪዎቹ ተሰብስበው ቢሮ መጡ፤ እውነት አላቸው። «አንድ ፓስወርድ ለሁለት ተጠቀሙ» ብሎ የመከረን ደግሞ የእናንተው ሠራተኛ ነው። ማን ምን እንደቀየረ በሚጠየቅበት ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ምክር አይሰጥም።

የጠዋቱን 3 ሰዓት 9 ብለን መጻፉን ለምደነዋል፤ እሱን አላነሣም። በጻፍንላችሁ ቁጥር ግን የሚመጣው መልስ «ከፈተናው በፊት ሴቲንጉን ያረጋግጡ» ነው። ሁሉንም በእጃችን የምናረጋግጥ ከሆነ ለቴምፕሌቱ ለምን እንከፍላለን?

ስለዚህ መስመር ተቋርጦባቸው የተዘጋባቸው ተማሪዎች የድጋሚ ፈተና ወጪ በድርጅታችሁ ይሸፈን። ቴምፕሌት ስንመርጥ የተላለፈውና ያልተላለፈው ሴቲንግ በአንድ ገጽ ላይ ይታየን። ቴምፕሌቱም በኮሌጁ ስም ይቀመጥ፤ ማን ያስተካክለው የሚለውን እኛው እንወስናለን። ቴምፕሌቱን ስናሻሽል ቀድመው ፕሮግራም የተያዘላቸው ፈተናዎች አብረው ይቀየሩ እንደሆነም በጽሑፍ ንገሩን፤ በስልክ አንዱ ሠራተኛችሁ አዎ፣ ሌላው አይ ብሎናል።

የማጠቃለያ ፈተና የሚጀምረው በሐምሌ መጀመሪያ ነው። እስከ ሰኔ 25 መልስ ካልደረሰን ተማሪዎቹን ኮሌጅ ድረስ ጠርተን በወረቀት እንፈትናለን፤ የቀጣዩን ዓመት ውልም አናድስም።

ከሰላምታ ጋር
የፈተና አስተባባሪ

ግልባጭ፡-
ለአካዳሚክ ዲን
ለፋይናንስ ክፍል