ጃኬትህን ሸጬዋለሁ

ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ? ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክህን ያላነሳሁት ረስቼህ አይደለም። ያ ጥቁር የቆዳ ጃኬትህ ጠፋ ብዬህ አልነበር? አልጠፋም። ሸጬ ቃምኩበት፣ በተረፈው ጨበስኩበት። ይኸው ነገርኩህ። ሰደብከኝም አልሰደብከኝ ትንሽ ቀለለኝ።

አሁን ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ ነኝ። ብርዱን ታውቀዋለህ፣ በዚህ በኅዳር ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ነው የሚነጋው። ጫትም መጠጥም ካቆምኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ከዚያ በፊት ሁለቴ ጀምሬ ወድቄያለሁ፣ እሱን አልደብቅህም።

ጫት ስትተው ዱካክ ይመጣል ሲሉኝ እስቅ ነበር። ሌሊት አንድ ነገር ደረቴ ላይ ቁጭ ሲል፣ ልጮህ ስል ድምፄ እምቢ ሲለኝ ነው የገባኝ። እሱስ አለፈ። የባሰው አረቄው ነው። አንድ ቀን ጠዋት በወኔ ቁርጥ አድርጌ ተውኩት፤ በማግስቱ እጄ ስኒ መያዝ አቃተው፣ ላቡ፣ ቅዠቱ፣ እናቴ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ካልወሰድኩት ብላ ተነሳች፣ አጎቴ መጀመሪያ ሐኪም ይየው አለ፣ ደግነቱ እሱ አሸነፈ። ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም አንዘፍዝፎ ሊጥለው፣ ሊገድለውም እንደሚችል ያኔ ነው የሰማሁት። እኛ ሰፈር እኮ "ወንድ ከሆንክ ዛሬ ተው" ነው የሚባለው! በመድኃኒት ቀስ እያሉ አወጡኝ። ጠበሉም አልቀረልኝም፣ እናቴን ማን ይችላታል።

ደግሞ ስማ፣ እሷ አሁንም አረቄ ታወጣለች። እኔን ብላ ልትተው ነበር፣ አትተዪ ያልኳት እኔ ነኝ። ያሳደገችን በሱ ነው፣ ምን ልንበላ? ድፍድፉ ሲፈላ ቤቱን ጠረኑ ይሞላዋል፣ ከመቃው ጠብ ጠብ ሲል ጓዳ ሆኜ እሰማዋለሁ። ድሮ የምታስቀምሰው እኔን ነበር። አሁን ጎረቤት ትጠራለች፣ እኔ ጋቢዬን ደርቤ እወጣለሁ።

የሚከብደኝ ስምንት ሰዓት ነው። ታስታውሳለህ፣ ያ ሁሉ ገረባ፣ ኦቾሎኒው፣ ስንመረቅን የምንከፍታቸው ድርጅቶች? ሀራራው ቀንሷል፣ ሰዓቱ ግን ባዶውን ቀረ። ስለዚህ አንድ ብረታ ብረት ቤት ብየዳ እየተለማመድኩ ነው። እስካሁን የሠራሁት አንድ በር ነው፣ እሱም አይዘጋም።

አንተስ? ያቺን የሕመም ማስታገሻ፣ ትራማዶልን፣ ተውካት? ያኔ "ለወገቤ ነው" ስትለኝ አምኜህ መሰለህ? ካልተውካት እንደኔ በወኔ እንዳትቆርጣት፣ እሷም ታንዘፈዝፋለች። ሐኪም ጋ ሂድ። ካፈርክ እዚህ ና፣ አብሬህ እገባለሁ።

የጃኬቱን ብር በሁለት ጊዜ እከፍልሃለሁ። ለገና ብትመጣ እናቴ ደስ ይላታል። ወፍራም ልብስ ግን ያዝ፣ የማውስህ ጃኬት የለኝም።