ለፌስቱላ ታካሚ እናቶች መጓጓዣ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላትና በውጭ አገር የምትኖሩ የባሕር ዳር ተወላጆች፤

የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል በዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና በባለቤታቸው በዶክተር ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 ከተከፈተ ወዲህ፣ ከትዳርና ከዘመድ ተገልለው ለኖሩ ሴቶችና ገና በልጅነታቸው ለተዳሩ ልጃገረዶች ሐኪም ቤትም መጠጊያም ሆኖ ቆይቷል። ሆስፒታሉ ከመከፈቱ በፊት በእነዚሁ ሐኪሞች ታክመው ከእነርሱ ጋር የቀሩት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ፣ በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ሳይገቡ ቀዶ ሕክምናውን ከሐኪሞቹ ጎን ቆመው ተምረው፣ በኋላ ሐኪሞችን እስከ ማሠልጠን ደርሰዋል። አገልግሎቱ ወደ ክልሎች ሲሰፋም በከተማችን ማዕከል ተከፍቶለታል፤ ሕክምናውም በነፃ ነው። ችግሩ ያለው ከገጠር ቀበሌ እስከ ማዕከሉ በር ባለው መንገድ ላይ ነው።

ፌስቱላ በአብዛኛው የሚመጣው ምጥ ለቀናት ተራዝሞ የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን ገላ ከዳሌዋ አጥንት ጋር ሲያጣብቀውና ደም እንዳይደርሰው ሲያደርግ ነው። የተጎዳው ሥጋ ሞቶ ሲላቀቅ በሽንት ፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ይፈጠራል፤ ሽንቱም ሌሊትና ቀን ይፈስሳል። ልጁ ብዙውን ጊዜ በሕይወት አይወለድም። እንዲህ ያለችውን ሴት በሚኒባስ ማሳፈር ምን ያህል እንደሚከብድ መነኸሪያ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ሽታው ሲሰማ ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ ረዳቱም መንገድ ላይ ያወርዳታል። ከዚያ በኋላ ከቤት መውጣቷን ትተወዋለች፤ ማን ይፈርድባታል?

ስለዚህ የእድራችን ኮሚቴ ለእነዚህ እናቶች የኮንትራት መኪና የሚከፈልበት፣ አብሯት ለሚመጣ አንድ ዘመድም የማደሪያና የምግብ ወጪ የሚሸፈንበት የጋራ ገንዘብ ለማቋቋም ወስኗል። ታካሚዎቹን የሚጠቁሙን በየቀበሌው ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይሆናሉ። በዚህ ጉዳይ ፍጥነት ትልቅ ዋጋ አለው፤ ጉዳቱ ከወሊድ በኋላ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተደረሰበትና ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ፣ የሽንት ማስወገጃ ቱቦ ለተወሰኑ ሳምንታት በማቆየት ብቻ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚደፈንበት ጊዜ አለ። ስልክ በተደወለ ማግስት መኪና መላክ የምንፈልገው ለዚህ ነው።

ገንዘቡ ለሁለተኛ ጉዞም እንዲያገለግል አስበናል። ድና ወደ ቤቷ የተመለሰች ሴት እንደገና ስታረግዝ የተሰፋው ቦታ እንዳይከፈት በቀዶ ሕክምና መውለድ ስለሚመከር፣ የመውለጃዋ ቀን ሲቃረብ ከሆስፒታል አጠገብ እንድትቆይ ማድረግ ይገባል። ይህ ከተረሳ የመጀመሪያው ድካም ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል።

በመሆኑም እያንዳንዱ እድርተኛ ከወር መዋጮው ጋር አቅሙ የፈቀደውን ለገንዘብ ያዡ በደረሰኝ እንዲያስረክብ በአክብሮት እንጠይቃለን። ባለ መኪና አባላት ደግሞ በወር አንድ ቀን መድባችሁ ብታስመዘግቡ ከጥሬ ገንዘብ የማይተናነስ እርዳታ ነው። ወጪና ገቢው በየሦስት ወሩ በእድሩ ጉባኤ ይነበባል፤ የታካሚዎቹ ስምና ቀበሌ ግን በሪፖርቱም ሆነ በመዝገቡ ላይ አይጠቀስም።

የእድሩ የድጋፍ አሰባሳቢ ኮሚቴ