የጂንካው የታማሚዎች ማረፊያ ቤታችን ጣሪያው ሄዷል፤ እባካችሁ ድረሱልን

ወገኖቻችን፣ እንደገና መጣን። ባለፈው የለመንናችሁ ተጨማሪ ክፍል ለመሥራት ነበር። ያ ገንዘብ ግማሹ ሳይሞላ፣ ባለፈው ሳምንት ሌሊት ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ መጥቶ የነበረውንም ጣሪያ ገንጥሎ ወሰደው። ስምንት አልጋ ያለው ትልቁ ክፍል ሰማይ እያየ አደረ። ፍራሹ ሁሉ ራሰ። ታማሚዎቹን ተሸክመን ጎረቤት አስገባን። የተጎዳ ሰው የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የቤቱን ነገር ታውቁታላችሁ። ከሐመር፣ ከበና፣ ከማሌ የሚመጡ፣ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው ያለ ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ እኛ ጋ የሚደርሱት ዘግይተው ነው። ራስ ምታት ይጀምራቸዋል፤ ሁለት ሳምንት አይለቃቸውም። ትኩሳት ይከተላል፣ ያስመልሳቸዋል፣ ብርሃን ማየት ያቅታቸዋል። ቤተሰብ «ወባ ነው» ይላል። እንዲህ እየተባለ ስንቱን ቀበርን! ክሪፕቶኮከስ የሚባል ፈንገስ ነው፤ አንጎል ደርሶ ማጅራት ገትር ያመጣል። አፈርና የወፍ ኩስ ውስጥ ይኖራል፣ በትንፋሽ ይገባል። ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም። ጎረቤት አሁንም ስለሚፈራ ይህን ደጋግመን እንናገራለን። በዓለም ላይ በኤድስ ከሚሞቱ 100 ሰዎች 19ኙን የሚገድለው ይኸው በሽታ እንደሆነ ይገመታል።

መድኃኒት አለው እኮ። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በ10 ደቂቃ የሚለይ ምርመራም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው መመሪያ አንድ ጊዜ የሚሰጥ አምፎቴሪሲን፣ ከእሱ ጋር ለ14 ቀን ፍሉሳይቶሲንና ፍሉኮናዞል ይላል፤ ሦስቱም የፈንገስ መድኃኒቶች ናቸው። ፍሉኮናዞሉ ለ8 ሳምንት ይቀጥላል፤ ከዚያም መጠኑ ቀንሶ ረጅም ጊዜ ይወሰዳል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ላልጀመረ ሰው ደግሞ እሱን መጀመር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይዘገያል፤ ተቸኩሎ ከተጀመረ ሊገድል ይችላል። ሐመር ካለችው ከዲመካ ከተማ ማዶ ከብት የሚጠብቅ ሰው ይህን ሁሉ ጊዜ የት ይደር? ማደሪያ ሲያጣ ጥሎ ይሄዳል። ከሄደ ደግሞ በሽታው ይመለስበታል።

አምና አንዲት የሐመር እናት መጣች። አንጎል ላይ ያለው ግፊት እንዲቀንስ ከጀርባዋ ፈሳሽ ሊወሰድ ነው ሲባል «ሽባ ያደርገኛል» ብላ እምቢ አለች። ከአባሎቻችን አንዷ በቋንቋዋ ሌሊቱን ሙሉ አብራት ተቀምጣ አስረዳቻት። ፈሳሹ በተወሰደ ቀን ራስ ምታቷ ቀለል አላት። ስድስት ሳምንት እኛ ጋ ቆየች። አሁን ቅዳሜ ገበያ ስትመጣ ማር ይዛልን ትገባለች።

«በፊት የሰጠነው የት ገባ?» የምትሉ አላችሁ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። መሠረቱ፣ ሽንት ቤቱ፣ የውኃ ታንከሩና አልጋዎቹ በእናንተ ገንዘብ ነው የተሠሩት። ደረሰኙ ሁሉ በፋይል ተቀምጧል፤ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። አናጢው «ማገሩ ቀጭን ነው» ብሎን ነበር። ገንዘቡ ለወፍራም ማገርና ለታንከሩ አልበቃም፤ ታንከሩን አስቀደምን። ያለ ውኃ ታማሚ ማስተኛት አይቻልም፤ ዛሬም ቢሆን ያንኑ እናደርግ ነበር።

አሁን የሚያስፈልገን 60 ቆርቆሮ፣ ወፈር ያለ ማገርና ወራጅ፣ ሚስማርና ስምንት ፍራሽ ነው። ጉልበቱን የእድራችን አናጢዎች በነፃ ችለውናል። ደክሞናል፤ አንዋሽም። እናንተም ደክሟችኋል፤ ኑሮው ከብዷል። አሥራትም በሉት ሰደቃ፣ አንድ ቆርቆሮ ለምትችሉ አንድ ቆርቆሮ በቂ ነው።

ገንዘቡ የሚገባው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በማኅበሩ ስም በተከፈተው ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በእጃችሁ ባለው የድሮ ደረሰኝ ላይ ያለው ነው፤ አልተቀየረም። የጠፋባችሁ ከእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ውሰዱ። ወጪ የሚሆነው በሦስት ሰው ፊርማ ነው። እባካችሁ በማንም የግል ቴሌብር አትላኩ፤ የኮሚቴ አባል ነኝ ቢላችሁም አትላኩ። የላካችሁበትን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ለገንዘብ ያዣችን አሳዩ፤ ደረሰኝ ይቆረጥላችኋል። ደግመን እንላለን፦ ንግድ ባንክ፣ በማኅበሩ ስም፣ የድሮው ቁጥር።

ታማሚዎቹ ይህ ሲጻፍም ጎረቤት ሳሎን ወለል ላይ ናቸው።