ጉዳዩ፦ ዋይፋይ ከሌለበት ስለማይሠራው የታብሌቴ ኢንተርኔትና «ዋይፋይ ያለበት ሆነው ይጠቀሙ» ስለተባልኩት

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ።

የጉዳዬ ዝርዝር በእጃችሁ ነው። ሲሙን መቼ እንደቀየራችሁልኝ፣ የትኛውን ፓኬጅ እንደምገዛ፣ ስንት ጊዜ እንደደወልኩ ሲስተማችሁ ላይ አለ። ስለዚህ ከመጀመሪያው አልጀምርም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ባለፈው ማክሰኞ በሆነው ነገር ምክንያት ነው።

የቤት ለቤት ነርስ ነኝ። ማክሰኞ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አንዲት ታማሚ ቤት ነበርኩ። ስኳር ያለባቸው እናት ናቸው፤ እግራቸው ላይ ቁስል አለ። ቁስሉን አጥቤ ፎቶ አነሳና በታብሌቱ ለሐኪሙ እልካለሁ። እሱም እዚያው እያለሁ አይቶ ይመልስልኛል። በዚሁ ይቀጥሉ ይላል፣ ወይም ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ ይላል። ማታ ቢሮ ገብቼ በዋይፋይ የምልከው ፎቶ ለእኚህ ሴት ምንም አይጠቅማቸውም። የስኳር ታማሚ እግር እስከ ማታ አይጠብቅም።

ታብሌቱ ላይ የኔትወርኩ ምልክት ሙሉ ነው። ዳታው በርቷል። ፓኬጁም አላለቀም። ኢንተርኔት ግን የለም። እንደተለመደው በራሴ ስልክ ሆትስፖት ልከፍት ስል ባትሪው አልቋል፤ ሰፈሩ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ነበር። ምን ላድርግ? የታማሚዋን የልጅ ልጅ ሆትስፖት እንዲከፍትልኝ ለመንኩት። ተማሪ ልጅ ነው። ለራሱ የገዛውን ዳታ ለእኔ ሥራ ሰጠኝ። የሞላበትን ልክፈለው ብል እናቱ «ኧረ በፍጹም!» አሉኝ። በጣም አፈርኩ። ዩኒፎርም ለብሼ፣ ለሥራዬ የገዛሁት ኢንተርኔት እያለኝ፣ ከታማሚ ቤት ዳታ ስለምን።

ይህ የሆነው ደግሞ ቃል ከገባችሁልኝ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ የጥሪ ማዕከላችሁ ሠራተኛ በትህትና አስተናግዳኝ ነበር። «በ24 ሰዓት ውስጥ የቴክኒክ ባለሙያ ይደውልልዎታል፤ በየትኛው ቁጥር ይደወል?» አለችኝ። የስልኬን ቁጥር ሰጠኋት። በታብሌቱ ቁጥር እንዳትደውሉ፣ ታብሌቱ ጥሪ አይቀበልም አልኳት። ቁጥሩን አንድ በአንድ መልሳ አነበበችልኝ፤ ልክ ነው አልኩ። እሑድን ስልኬን ከእጄ ሳልለይ ዋልኩ። ቤተ ክርስቲያን እንኳን ድምፁን አጥፍቼ በእጄ ይዤው ነበር። ማንም አልደወለም። ሰኞም እንደዚያው።

ማክሰኞ ከሰዓት ቢሮ ገብቼ፣ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ደወልኩላችሁ። ረጅም ሰዓት ወረፋ ጠበቅኩ። በመሃል የሚለቀቀው ማስታወቂያ ስለ ፈጣን ኢንተርኔታችሁ ነው። በመጨረሻ ያነሳው ሰው መዝገቡን ከፍቶ «ባለሙያ ደውሎልዎት አላነሱም፤ ስለዚህ ጉዳይዎ ተዘግቷል» አለኝ። በየትኛው ቁጥር ነው የተደወለው? ስለው የታብሌቱን ቁጥር አነበበልኝ። አትደውሉበት ያልኩትን ቁጥር!

ኃላፊ አገናኘኝ አልኩት፤ አገናኘኝ። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ቃል በቃል ነው የምጽፈው፤ ከተጠራጠራችሁ የጥሪውን ቅጂ አውጥታችሁ አዳምጡ።

«እህቴ፣ ታብሌቱ በዋይፋይ ይሠራል አይደል?» አለኝ።

«አዎ፣ በዋይፋይ ይሠራል» አልኩ።

«እንግዲህ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ዋይፋይ ያለበት ሆነው ይጠቀሙ።»

በስህተት የሰማሁ መሰለኝ። ታማሚዎቼ ቤት ዋይፋይ የለም አልኩት። የዳታ ፓኬጅ የምገዛው ለዚሁ ብዬ ነው አልኩት። ያኔ ድምፁ ተቀየረ። እርስዎ እያለ የጀመረው ሰውዬ «ታዲያ እኔ ምን ላድርግሽ?» አለኝ። ዝም አልኩ። እሱም ወዲያው «ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝና መልሴን ሳይጠብቅ ስለ ደወልኩ አመስግኖኝ ዘጋው።

የተከበሩ ኃላፊ፣ እኔ ከሦስተኛ ፎቅ ወደ አራተኛ ፎቅ፣ ከጀሞ ወደ ሰሚት እየዞርኩ ነው የምሠራው። ዋይፋይ ባለበት ቁጭ ብዬ ብውል የሞባይል ኢንተርኔት ለምን እገዛለሁ? የሸጣችሁልኝ እኮ በሄድኩበት የሚሠራ ኢንተርኔት ነው። ካፌ ገብተሽ ላኪ ያለኝም ሠራተኛ አላችሁ። የታማሚን ቁስል ፎቶ በካፌ ዋይፋይ አልልክም። ያ የሰው ምስጢር ነው።

ችግሩ የት እንዳለ ለማወቅ እኔ ብዙ ለፍቻለሁ። ሲሙን አውጥቼ ስልኬ ውስጥ ስከተው ኢንተርኔቱ ይሠራል። ስለዚህ ሲሙም ፓኬጁም ደህና ናቸው። የሥራ ባልደረባዬ አንድ ዓይነት ታብሌት ይዛ፣ በእናንተው ሲም፣ እዚያው ቱሉ ዲምቱ ትጠቀማለች። ስለዚህ የአካባቢው ኔትወርክም ደህና ነው። የቀረው የታብሌቴ ኤፒኤን፣ ማለትም ታብሌቱ በሲሙ ዳታ ኢንተርኔት እንዲያገኝ የሚሞላው ሴቲንግ ነው። አሮጌው ሲም 4ጂ አይዝም ብላችሁ ከቀየራችሁልኝ ጊዜ ጀምሮ ቦታው ባዶ ነው። ዋይፋይ ኤፒኤን ስለማያስፈልገው ቢሮ ውስጥ ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ከበሩ ስወጣ ይቆማል። መደብራችሁ ያለው ልጅ የሚሞላውን ነግሮኝ ጻፍኩት። ሴቭ ሳደርገው ከዝርዝሩ ይጠፋል። ይህን ለእያንዳንዱ ሠራተኛችሁ እንደ አዲስ አስረድቻለሁ። መልሳቸው ግን አጥፍተው ያብሩት፣ ፍላይት ሞድ አድርገው ይመልሱት፣ ሲሙን አውጥተው ያስገቡት ነው። ሁሉንም አድርጌአለሁ። ኤፒኤን ለምን ሴቭ እንደማይሆን የሚያውቅ አንድ ባለሙያ ብቻ ነው የፈለግኩት።

ዝም ያልኳቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ፤ ካነሳሁ ልናገር። ሲሙን ለመቀየር መታወቂያ ይዤ መጥቼ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ «ሲስተም የለም» ተብዬ ተመልሻለሁ። ባለፈው ወር ፓኬጄ ሲያልቅ ሳታስጠነቅቁኝ ኢንተርኔቱ የሞላሁትን ካርድ በላው፤ ለታማሚ ቤተሰብ ልደውል ስል ሒሳብ የለኝም። የማስታወቂያ ሜሴጃችሁ ግን ሌሊትም ይመጣል። የሴቲንግ ሜሴጅ ላኩልኝ ስላችሁ አልመጣም፤ የሎተሪው ሜሴጅ ግን በየቀኑ ይደርሰኛል።

አሁን የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። ጉዳዬ እንደገና ይከፈት። «ደንበኛዋ አላነሱም» የሚለው ከመዝገቡ ይሰረዝ፤ ሐሰት ነው። የቴክኒክ ባለሙያ በስልኬ ቁጥር ይደውልልኝ። ሲደውልም ዋይፋዩን አጥፍተን፣ አንድ ገጽ በዳታ እስኪከፈት ድረስ መስመሩ ላይ ይቆይ። ሳልጠቀምበት ቀኑ ያለፈበት የዚህ ወር ፓኬጅ ይመለስልኝ። ሳስበው የዚህ ወር ብቻ መሆን የለበትም። ሲሙ ከተቀየረ ጀምሮ ለታብሌቱ የገዛሁት ሁሉ ይመለስልኝ፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ በራሴ ስልክ ሆትስፖት እየከፈትኩ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ስከፍል ነበር። የማክሰኞው ኃላፊም ይቅርታ ይጠይቀኝ። ይህን ገንዘቡ ከተመለሰ የሚቀር ጉዳይ አድርጋችሁ እንዳታዩት።

መልሱን በጽሑፍ እፈልጋለሁ፤ በስልክ የተገባልኝ ቃል ምን እንደሆነ አይቻለሁ። በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ካልመለሳችሁልኝ ይህንኑ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አስገባለሁ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው እናንተን ሊቆጣጠር፣ እኔን መሰሉን ደንበኛ ሊጠብቅ ነው። እዚያ መድረስ አልፈልግም። ሥራዬ ብዙ ነው፣ የእናንተም እንደዚያው ይመስለኛል።

ስትደውሉ እባካችሁ ከ10 ሰዓት በኋላ ይሁን። ከዚያ በፊት ጓንት አድርጌ ስለምሠራ ስልክ ማንሳት አልችልም። ይህን ደግሞ ቁጥሩ ጎን ጻፉልኝ፤ በኋላ «አላነሱም» እንዳልባል።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ