ባሕሩን ጠይቀሽ ውጪ፦ ዛንዚባር ለምትሄደው ልጄ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የላክሽልንን የጉዞ ዕቅድ እናትሽ መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችልኝ። ፓጄ፣ ኑንግዊ፣ ምኔምባ፣ ኪዚምካዚ፣ ሁሉም በሰዓት ተደልድሏል፤ ጠዋት ዋና፣ ረፋድ ጀልባ፣ ከሰዓት ደግሞ እንደገና ዋና። እየሰማሁ ሳቄ መጣ። "ምን ያስቅሃል?" አለችኝ። ባሕሩ ሳይጠየቅ የወጣ ዕቅድ ስለሆነ ነው አልኳት። ይኼን ደብዳቤ የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው። ዛንዚባር ላይ ሰዓት የሚቆርጠው ባሕሩ ነው፤ ሌላውን ከእሱ በኋላ ታስተካክይዋለሽ።

ለሥራ እዚያ በከረምኩበት ጊዜ ያረፍኩት በምሥራቁ ዳርቻ፣ ጃምቢያኒ ነበር። ከዳርቻው ራቅ ብሎ ባሕሩ ውስጥ የኮራል ግድግዳ አለ፤ ትልልቁ ማዕበል የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ከግድግዳው ወዲህ ያለው ውኃ ጥልቀት የለውም፣ ወለሉም ሜዳ ነው። እንግዲህ ባሕሩ ሲጎድል ትንሽ ዝቅ ብሎ አይቆምም፤ ጥሎ ነው የሚሄደው፤ አንዳንዴ አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ። ጠዋት ከመስኮትሽ ሥር የነበረው ሰማያዊ ውኃ ረፋዱ ላይ የለም፤ ጀልባዎቹ አሸዋው ላይ በጎናቸው ተጋድመው ታገኛቸዋለሽ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ይብሳል፤ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 4 ሜትር የሚጠጋበት ቀን አለ።

ሙላቱ በቀን ሁለቴ ነው። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሚፈጅ፣ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ዛሬ 4 ሰዓት ላይ የዋኘሽበት ቦታ በሳምንቱ በዚያው ሰዓት ደረቅ ነው። ይኼን ያልሰማ መንገደኛ የተታለለ ይመስለዋል። አንድ ሰውዬ እንግዳ መቀበያው ላይ ቆሞ "እኔ የከፈልኩት ባሕር ላለው ክፍል ነው!" እያለ ገንዘቡ እንዲመለስለት ሲሟገት ሰምቻለሁ። እንግዳ ተቀባዩ ልጅ በትሕትና "ጌታዬ፣ ከሰዓት በኋላ ይመጣል" አለው።

ቀኑን ሙሉ መዋኘት ከሆነ ሐሳብሽ ሰሜኑ፣ ማለትም ኑንግዊና ኬንድዋ፣ ይሻልሻል፤ እዚያ ባሕሩ ያን ያህል አይርቅም። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን በምሥራቁ አልለውጠውም። በነሐሴ ኩሲ የሚሉት የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ስለሚነፍስ የካይት ትምህርትሽም (በነፋስ እየተጎተቱ በውኃ ላይ የሚንሸራተቱበት) ፓጄ ላይ ቢሆን ያምርልሻል።

ባሕሩ ሲሄድ የሚገለጠውን እይ። ውኃው ገና እየሸሸ ሳለ ሴቶቹ ከመንደሩ ይወጣሉ፤ ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው አስረው፣ ጆንያ ተሸክመው። እርሻቸው እዚያ መሀል ነው። ቀጫጭን የእንጨት ችካሎች በረድፍ ተተክለዋል፤ ከችካል ችካል ገመድ ተወጥሯል፤ በገመዱ ላይ የባሕር አረም በትንንሹ እየተቆረጠ ታስሯል። የደረሰውን ይሰበስባሉ፣ ከእሱ ቁራጭ እየቀነሱ መልሰው ያስራሉ። አንዷ አጠገብ ቁጭ ብዬ አስተሳሰሩን ለመልመድ ሞከርኩ፤ ጣቶቿ አሥሩን ሲቋጥሩ እኔ ከአንዱ ጋር እታገላለሁ። በጣም ሳቀችብኝ፤ እኔም አልተቀየምኩም። አረሙ ደርቆ ወደ ውጭ ይላካል፤ ከእሱ የሚወጣው ማወፈሪያ በጥርስ ሳሙናና በአይስክሬም ውስጥ አለ። ሥራው እዚያ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ሲሆን (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ)፣ በብዛት የሴቶች ነው። ዛሬ ዛሬ ውኃው እየሞቀ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣውን የአረም ዓይነት እየገደለባቸው ነው። ጥልቅ ውኃ ውስጥ ቢተከል ይሻል ነበር፤ ግን ብዙዎቹ ዋና አይችሉም። ካሜራሽን ከማውጣትሽ በፊት ሰላም በያቸውና አስፈቅጂ። ሰው ሥራው ላይ እያለ ጎንበስ ያለበትን ፎቶ መነሣት አይወድም፤ አንቺም ቢሮሽ ውስጥ ቢያደርጉብሽ አትወጂም።

አሁን እናትሽ ስታነብ እንድትዘለው የምፈልገውን ልጻፍ። አንድ ቀን ረፋድ ሁለት እንግዶች፣ ባልና ሚስት ይመስሉኛል፣ የማዕበሉን መሰበር ፎቶ ለማንሣት እስከ ግድግዳው ድረስ በእግራቸው ሄዱ። ከሩቅ ይታዩን ነበር። ውኃው ሲመለስ ከፊት ለፊት እየገፋ የሚመጣ ይመስልሻል፤ አይደለም። መጀመሪያ የሚሞላው በአሸዋውና በግድግዳው መካከል ያሉትን ቦዮች ነው። የቆሙበት ቦታ ገና ደረቅ ነው፤ ከኋላቸው ግን እስከ ወገብ የሚደርስና የሚጎትት ውኃ ገብቷል። ሴቶቹ ጆንያቸውን ተሸክመው ሲወጡ እየጮሁ ምልክት ሰጧቸው፤ እነሱ ሰላምታ መስሏቸው እጃቸውን አወዛወዙ። በኋላ አንድ ዓሣ አጥማጅ ንጋላዋውን፣ ክንፍ ያላትን ጠባብ ጀልባ፣ በረጅም እንጨት እየገፋ ሄዶ አመጣቸው። ስልካቸው በስብሷል፤ የሴትየዋ እግር ደግሞ በቦዩ ውስጥ ስትሮጥ የባሕር ጃርት ረግጣ ጥቁር እሾኽ ሞልቶታል። የመንደሩ ሰዎች የፓፓያ ወተት ቀቡላትና ወደ ክሊኒክ ወሰዷት።

ስለዚህ የምትወጪው ውኃው እየሸሸ ሳለ ነው፤ ዝቅተኛው ሰዓት ላይ ሲደርስ ፊትሽን ወደ ዳርቻው መልሺ። ሰዓቱን ብዙ ማረፊያዎች ሰሌዳ ላይ ይጽፉታል። ከሰሌዳው ይልቅ ግን ሴቶቹን ተመልከቺ፤ ጆንያቸውን ካነሡ አንቺም ተነሺ። እግርሽ ላይ ወፍራም የላስቲክ ጫማ ይኑር።

በሰዓት ጉዳይ አንድ የሚያስደስትሽ ነገር አለ። የስዋሂሊ ሰዓት እንደኛው ነው፤ ቀኑን የሚቆጥሩት ከንጋት ነው። ባለ ጀልባው በስዋሂሊ "ሁለት ሰዓት" ካለሽ ያው የኛው የጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ፈረንጆቹ ይኼ ነገር ሲያምታታቸው አንቺ ዳርቻው ላይ ቀድመሽ ትገኛለሽ። የመርከብ ትኬት ላይ የሚጻፈው ግን የፈረንጁ ነውና እሱን አስተውለሽ አንብቢ።

መርከብ ካነሣሁ አይቀር፣ ከዳሬሰላም በፈጣኑ ጀልባ ጉዞው 2 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በ2011 ከኡንጉጃ፣ አንቺ ከምትሄጂበት ከዋናው ደሴት፣ ወደ ሌላኛው ደሴት ወደ ፔምባ ስትሄድ የነበረች መርከብ ሰምጣ ብዙ ሕዝብ አልቋል፤ ከአቅሟ በላይ ተጭና ነበር። ስለዚህ ወደ ወደቡ ስትደርሺ ሰውና ጭነት ታጭቆ ካየሽ ትኬትሽ ይቃጠል፣ ቀጣዩን ጠብቂ። ምሽት ላይ በሸራ ጀልባ ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ስትወጪም የነፍስ አድን ጃኬቱን በዓይንሽ ካላየሽ አትሳፈሪ። "አለ" ማለት አይበቃም።

ኪዚምካዚን ከዕቅድሽ አውጪ አልልሽም፤ ዶልፊኖቹን ግን አስቢበት። አንዲት ዶልፊን ጀርባዋን ብቅ ስታደርግ በዙሪያው ያለው ጀልባ ሁሉ ሞተሩን አስነሥቶ ይከባታል፤ እንግዶቹም ላይዋ ላይ ይዘላሉ። ለኔ ይኼ ማሳደድ ነው። እዚያው መንደር ውስጥ በ1107 የተጻፈ ኩፊ የሚሉት የጥንት ዐረብኛ ጽሕፈት ያለበት አሮጌ መስጊድ አለ፤ ከውጭ ሲያዩት ተራ የቆርቆሮ ቤት ስለሚመስል መንገደኛው አልፎት ይሄዳል። እሱን እይ።

ለአሮጌዋ ከተማ ለስቶን ታውን ግማሽ ቀን ብቻ ነው የመደብሽለት፤ ያንስብሻል። ከተማዋን የሠራት ነፋስ ነው። ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ከታኅሣሥ ጀምሮ የዐረቡንና የሕንዱን ሸራ ጀልባ ወደዚህ ያመጣ ነበር፤ ኩሲ ደግሞ ይመልሰዋል። በመሀሉ ያለውን ጊዜ ነጋዴው ቁጭ ብሎ ነፋስ ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ ቤት ይሠራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። የኦማኑ ሱልጣን ሰዒድ እንኳ በ1840 ገደማ ዋና ከተማውን ከሙስካት ወደዚህ አዛውሮ ቀረ። በሮቹን ስታዪ ይኼን አስቢ። ከላይ ቀጥ ያለ ጉበን ያላቸው የዐረብ ናቸው፤ ከላይ ክብ የሆኑት የሕንድ። የነሐስ ጉብጉብ ያለባቸውም አሉ፤ ሕንድ አገር ዝሆን በር እንዳይገፋ ይደረግ የነበረው ልማድ ነው፤ እዚህ ለጌጥ ቀርቷል።

ጠባቡ መንገድ ውስጥ መጥፋትሽ አይቀርም፤ አትደንግጪ፤ ከተማዋ ትንሽ ናት፣ መጨረሻሽ ባሕሩ ነው። ሳትጠይቂው "ላሳይሽ" እያለ አብሮሽ የሚሄድ ጎረምሳ አይጠፋም። ፈገግ ብለሽ "አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም" በዪና እርምጃሽን አትቀንሺ። መንገድ መጠየቅ ካለብሽ ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ ትልቅ ሰው ጠይቂ፤ ከሁሉ በፊት "ሺካሞ" በያቸው፣ ለትልቅ ሰው የሚባል ሰላምታ ነው፤ "ማራሃባ" ብለው ይመልሱልሻል። ከዚያ በኋላ የሚያደርጉልሽን አታምኚም።

ምኩናዚኒ የሚባለው ሰፈር ውስጥ የባሪያ ገበያው ነበር። በ1873 ሱልጣን ባርጋሽ በእንግሊዞች ግፊት ዘጋው፤ በቦታው ላይ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። መሠዊያው ያለው ባሮች ይገረፉበት የነበረው ዛፍ ቦታ ላይ ነው ይባላል። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አለ፤ በጉድጓዱ ውስጥ የተቀረጹ ሰዎች አንገታቸው በእውነተኛ ሰንሰለት ታስሮ ቆመዋል። አጠገቡ ካለው ቤት ሥር ጎንበስ ተብሎ የሚገባባቸው ጨለማ ክፍሎች አሉ፤ ሰዎቹ ለገበያ እስኪወጡ የሚታጎሩት እዚህ ነበር እያሉ ያስጎበኛሉ። ከዚህ ከወጣሽ በኋላ ያን ቀን ዋና አትያዢ። እኔ የማይገባኝ ሰው ከዚያ ጉድጓድ አጠገብ እየሳቀ ፎቶ ሲነሣ ነው።

የቅመም እርሻ ጉብኝቱን ከዚህ በኋላ አድርጊው፤ በፊት አይደለም። አስጎብኚዎቹ ጨዋታ ያውቃሉ፤ ከኮኮናት ቅጠል ዘውድ ሠርተው ራስሽ ላይ ያደርጉልሻል፤ ቀረፋውን ከነልጣጩ፣ ሄሉን፣ ቁንዶ በርበሬውን፣ ቫኒላውን አሽትተሽ ስሙን ጥሪ ይሉሻል። ቅርንፉዱ ያልፈካ አበባ ነው፤ ጫፉ ቀላ ሲል በእጅ ይለቀምና ፀሐይ ላይ ቡናማ እስኪሆን ይሰጣል። ያን ሁሉ ዛፍ በሱልጣኖቹ ዘመን ተክሎ ይለቅም የነበረው ማን እንደሆነ ግን ካልጠየቅሻቸው አይነግሩሽም። ጠይቂያቸው። በ1872 ከባድ አውሎ ነፋስ የኡንጉጃን የቅርንፉድ ዛፍ ጠራርጎ ጣለው፤ ከዚያ ወዲህ ዋናው ምርት የፔምባ ነው።

የቀረው የእናትሽ ነው፤ እንዳለችው እጽፈዋለሁ። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ስለሆነ ከባሕሩ ዳርቻ ስትወጪ ትከሻሽንና ጉልበትሽን ሸፍኚ። የቢጫ ወባ ካርድሽን ከፓስፖርትሽ ጋር አድርጊው። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ እንግዳ ሁሉ የሚገዛው የጉዞ ኢንሹራንስ አለ፤ 44 ዶላር ነው፤ ከመነሣትሽ በፊት ክፈዪ። በፕላስቲክ ከረጢት ዕቃ አትቋጥሪ፣ ክልክል ነው። ኮኮናት ዛፍ ሥር አትቀመጪ፣ ፍሬው ሲወድቅ አያስጠነቅቅም። ሻርክን በተመለከተ ረጅም አንቀጽ አስጽፋኝ ነበር፤ እኔ አሳጥሬዋለሁ።

ስትመለሺ ቅርንፉድ አምጪልን ብላለች። ከአየር ማረፊያው ሱቅ እንዳትገዢ፤ ስቶን ታውን ውስጥ ዳራጃኒ ገበያ ግቢና አንዱን ፍሬ በጥፍርሽ ጫን አድርጊው፤ ዘይት ካወጣ ጥሩ ነው፣ ደርቆ ከተሰበረ ለሌላ ሰው ተዪለት። ፓጄ የምትደርሽበትን ቀን ጻፊልኝ፤ የጨረቃዋን ቀን አይቼ ውኃው በስንት ሰዓት እንደሚጎድል እልክልሻለሁ።

ጓደኞችሽን ሰላም በይልኝ።

አባትሽ