የሞዴል ባቡር መንደር ከተርታ ቤቶች ይጀመር

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

የባሕር ዳር ትምህርት ቤቶች የእጅ ሥራ ክበባት የሞዴል ባቡር መንደር፣ ማለትም አነስተኛ ባቡር የሚያልፍበት የትንንሽ ቤቶች ሞዴል፣ ለመሥራት ቢነሡ፣ ውድ ከሆነው ሎኮሞቲቭ (ፉርጎዎቹን ከሚጎትተው የባቡሩ ክፍል) በፊት ግድግዳ ተጋርተው የቆሙ ተርታ ቤቶችን እንዲሠሩ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከተማችን ሐዲድ ባይኖራትም፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰውን የጅቡቲ ባቡር ለሞዴሉ መነሻ ማድረግ ይቻላል፤ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ስለነበር በ1 ለ87 መጠን (ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ሲያንስ) 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ይስማማዋል።

በዚሁ መጠን 2 ሜትር የሚረዝም በር 23 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። የተርታ ቤቶች ጥቅም የጎን ግድግዳቸው የሚታየው በሁለቱ ጫፎች ብቻ መሆኑ ነው፤ ከኋላ ለሚቆሙትማ ፊታቸውና ጥቂት ጣራ ይበቃል። ሆኖም አንዱን ፊት አባዝቶ መደርደር መንደሩን ሕይወት ያሳጣዋል፤ መንገዱ ተዳፋት ሲሆን እያንዳንዱ ቤት ከጎረቤቱ ዝቅ ብሎ ቢቆም፣ የበሮቹም ቀለም ቢለያይ ይመረጣል።

አስቸጋሪው ጣራው ነው። የእውነተኛ ቆርቆሮ ሞገድ 76 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በሞዴሉ ከ1 ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ ከማሸጊያ ካርቶን ተልጦ የሚወጣው ሞገድ ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ የአሉሚኒየም ፎይልን ለስላሳ ነገር ላይ አንጥፎ፣ ጥርሱ በ0.8 ሚሊ ሜትር የሚራራቅ ባለ5 ሚሊ ሜትር ብሎን በላዩ ማንከባለል ይሻላል። የካርቶን ግድግዳ በሐይቁ ዳር እርጥበት እንዳይጣመም በውስጥም በውጭም ይቀባ፤ ማዕዘኑም በእንጨት ስንጣሪ ይደገፍ።

ለቱሪስት ከደንገል ትንንሽ ታንኳ የሚሠሩ እጆች ባሉበት ከተማ ብልሃት ይጎድላል ብዬ አላምንም፤ ክበባቱ እነዚህን ባለሙያዎች በአሠልጣኝነት ቢጋብዙ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር