«አበላሹት» ስላልሽው ዘፈን

እማዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው የጀመርነውን ጨዋታ ኔትወርኩ ቆረጠብን። ባይቆርጠውም አንቺ ስልክ ላይ አታስጨርሺኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልሁ። ፊደሉን አሳድጌልሻለሁ፣ መነጽር ፍለጋ እንዳትደክሚ።

በቴሌግራም የላክሁልሽን የሦስት ቁጥር ዘፈን ሰምተሽ «ምነው አበላሹት? ይሄ ልጅ ሲዘፍን ያመዋል እንዴ?» አልሽኝ። በጣም ሳቅሁ። በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የልጅነት ዘፈን በአዲስ ድምፅ ሲመጣ የሚያናድድበት ጊዜ አለ፣ አንጀት የሚበላበትም ጊዜ አለ። ያንቺ ቁጣ ያረፈው ግን ያለ ቦታው ነው። ልሟገትሽ ነው እንግዲህ።

ዘፈኑ የወጣበት የአሜሪካ የልጆች ትምህርት ፕሮግራም «ስኩልሃውስ ሮክ» ይባል ነበር። ኤቢሲ በሚባለው ቴሌቪዥን ላይ፣ ለእኛ ቻናል 7 ማለት ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት በካርቱኖቹ መሃል ይገባ ነበር። አንዱ ዘፈን ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። ከካርቱም ዋሽንግተን በገባንበት ዓመት አንቺ ሌሊቱን ቢሮ ስታጸጂ አድረሽ ትመጫለሽ። እግርሽን በዚያ ሰማያዊ ሳፋ፣ ሞቅ ባለ የጨው ውሃ ውስጥ ትነክሪያለሽ። ጭንሽ ላይ ደብተር አለ። ካርቱኑ ሲመጣ ዓይንሽ ይከደናል፣ ዘፈኑ ሲጀምር ትነቂያለሽ። የሰማሽውን በእኛው ፊደል ትጽፊያለሽ፤ «ዊ ዘ ፒፕል፣ ኢን ኦርደር ቱ ፎርም ኤ ሞር ፐርፌክት ዩኒየን»። ያልገባሽን ቃል ታሰምሪበትና ሥራ ቦታ ትጠይቂያለሽ። ደብተሩ እኔ ጋ ነው። «ትራንኩዊሊቲ» የሚለው ስር ሁለት መስመር አለ፣ ከጎኑ ደግሞ የወጥ ጠብታ።

ያን የሕገ መንግሥት መግቢያ ዘፈን የጻፈችው ሊን አህረንስ ናት። ዘፈኖቹን ያሠራው የማስታወቂያ ድርጅት ጸሐፊ ነበረች። ምሳ ሰዓት ላይ ጊታሯን ስትነካካ ሰምተው ነው «እስኪ አንድ ሞክሪ» ያሏት። በኋላ ብሮድዌይ ላይ ቶኒ የሚባለውን የቴአትር ሽልማት እስከ መውሰድ ደረሰች። ታዲያ ለዜማው እንዲመቻት ከመጀመሪያው ሐረግ «ኦፍ ዘ ዩናይትድ ስቴትስ» የሚለውን ቆርጣ አውጥታዋለች። ለዜግነት ቃለ መጠይቅ የሄድሽ ቀን ትዝ ይልሻል? ሰውየው የሕገ መንግሥቱ መግቢያ ምን ይባላል ሲልሽ «ፕሪአምብል» ብለሽ አላቆምሽም። ሙሉውን አወረድሽው፣ ያቺኑ የአገሪቱን ስም ዘለሽ! ሰውየው እየሳቀ ፈረመ። እሱም ቅዳሜ ጠዋት ቴሌቪዥን ፊት ያደገ ሳይሆን አይቀርም።

የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። ዴቪድ ማኮል የሚባል የማስታወቂያ ሰው ነበር። ልጁ የማባዛት ሠንጠረዥ አልያዝ ብሎታል፣ የሮክ ዘፈን ግጥም ግን አንድ ሳያስቀር ይወጣዋል። አባት ታዲያ ብዜቱን ለምን በዘፈን አናደርገውም አለ። ይህን ስነግርሽ «ለዚህ ነው ይህ ሁሉ ሰው የተሰበሰበ? የኔታ መቼ አጡት!» ብለሽኛል። እውነትሽን ነው። ሀሁን በዜማ ለቆጠረ ሰው ይሄ ግኝት አይደለም።

ዘፈኑን እንዲሠራ የተጠራው ጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ስሙ ቦብ ዶሮ ነው። አትሳቂ፣ እውነተኛ ስሙ ነው። ፍራሽ ላይ ተሰፍቶ የሚመጣውን «ይህን ጨርቅ ማንሳት በሕግ ያስቀጣል» የሚል ማስጠንቀቂያ እንኳ ዘፈን አድርጎ አውጥቶ ያውቃል። እንግዲህ ሦስትን ማባዛት አያቅተውም። ማኮል ሥራውን ሲሰጠው አንድ ነገር አደራ አለው፤ ልጆችን ዝቅ አድርገህ እንዳትጽፍላቸው። ዶሮም «ሦስት አስማተኛ ቁጥር ነው» የሚለውን ይዞ መጣ። ፕሮግራሙም እ.ኤ.አ. በጥር 1973 በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ዘፈኑ ሥላሴን አንስቶ ይጀምራል፣ አንቺም ታማትቢ ነበር። ከዚያ ባልና ሚስት ልጅ ወለዱና ሦስት ሆኑ ይላል። እኛ ቤት ባል አልነበረም። አንቺ፣ እኔና ወንድሜ ሦስት ነበርን፤ ሂሳቡ ግን ሰጠ።

አሁን ወደ ሙግቴ ልግባ። «አበላሹት» ስትይ መጀመሪያ ዘፈኑን የነካሽው አንቺ መሆንሽን ረስተሻል። ወንድሜ ብዜት ሲያቅተው በዚያው ዜማ «ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ» እያልሽ ነው ያስያዝሽው። «ዐሥራ ሁለት» ለምቱ ረዝሞ አልገባ ሲልሽ «አስራለት» አደረግሽው። «ሃያ ሰባት» ላይ ስትደርሺ ሁሌ ከዜማው ትወጪ ነበር፣ ሠላሳ ላይ ትመለሻለሽ። ሙዚቀኞቹ ይሄን ከቨር ይሉታል እማዬ። የሌላ ሰው ዘፈን ወስዶ በራስ አፍ መዝፈን። ፈቃድ ሳትጠይቂ ሠርተሻል።

እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ወንድሜ ክፍሉን ዘግቶ ራፕ ሲሰማ፣ ሽንኩርት እያቁላላሽ ከነማማሰያሽ ዘው ብለሽ ገባሽ። «ይሄ የኛ ዘፈን አይደለም እንዴ?» አልሽ። ነበር! ደ ላ ሶል የሚባሉ ሦስት የሎንግ አይላንድ ልጆች ናቸው። የዶሮን ዋና ሐረግ ወሰዱ፣ ከሥሩ ከባድ ከበሮ አስገቡበት፣ ማባዛቱን ትተው ሦስቱ እኛ ነን አሉ። ያን ቀን አልተቆጣሽም። እንዲያውም ማማሰያውን እንደያዝሽ ትከሻሽን ነቅነቅ አደረግሽ። ከሌሎች ዘፈኖች ቆርጠው ባስገቧቸው ድምፆች ፈቃድ ጣጣ ምክንያት አልበሙ ለብዙ ዓመት ዘፈን ማሰራጫ መተግበሪያዎች ላይ አልነበረም። የተለቀቀው በ2023 በሦስተኛው ወር፣ በሦስተኛው ቀን ነው። ከሦስቱ አንዱ፣ ዴቪድ ጆሊኮር፣ ይህን ሳያይ ሳምንታት ሲቀሩት አረፈ።

የልጅ ልጅሽ ዘፈኑን የምታውቀው በ2021 ከወጣው የስፓይደርማን ፊልም መጨረሻ ላይ ነው። ለእሷ የስፓይደርማን ዘፈን ነው። መጀመሪያ የዶሮ ነው፣ ከዚያ የደ ላ ሶል ነው፣ በመሃል ደግሞ የአያትሽ ነው አልኋት። «እሺ» ብላ ወደ ስልኳ ዞረች።

አሁን ወደ ተቆጣሽበት ልጅ። ኮሌጅ ልጨርስ ስል፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ የስኩልሃውስ ሮክ ዘፈኖችን ያኔ ስም ያላቸው የሮክ ባንዶች እንደገና የሠሩበት ሲዲ ወጣ። ሌመንሄድስ የሚባለው ባንድ ዜሮን፣ ሞቢ ግስን፣ ዳንኤል ጆንስተን ቅጽልን ይዘፍናሉ። ሳይውል ሳያድር ነው የገዛሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሲዲው ሁሉ ጥሩ አይደለም። አንዳንዱ ላይ ዘፋኙ «እኔ እንኳ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ለቀልድ ነው» እያለ ዓይኑን ሲጠቅስሽ ይሰማሻል። እዚያ ላይ ከአንቺ ጋር ነኝ። ጆንስተን ግን ድምፁ እየተንቀጠቀጠም ከልቡ ነው።

ያመዋል ያልሽው ልጅ ሻነን ሁን ይባላል፣ ብላይንድ ሜሎን የሚባል ባንድ ዘፋኝ ነበር። ሻካራና ቀጭን ድምፅ ነው ያለው፣ እሱን አልክድም። ግን ስሚኝ። በሐምሌ 1995 ሴት ልጅ ወለደ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ፣ የባንዱ አውቶቡስ ላይ በኮኬይን ሞቶ ተገኘ። 28 ዓመቱ ነበር። ልጅቷ ገና ሦስት ወሯ። ሲዲው የወጣው ከሞተ በኋላ ነው። እንግዲህ ባልና ሚስት ልጅ ወለዱና ሦስት ሆኑ የሚለውን እሱ ሲዘፍነው እንደገና ስሚው። ከዜማው ጋር አይቀልድም፣ ዓይኑን አይጠቅስም። ዶሮ ልጆችን እንዳከበረ እሱም ዘፈኑን አክብሮታል። እኔ ከቨር የምመዝነው በዚህ ነው። ድምፁ ሻከረ፣ ጊታሩ በዛ፣ ከበሮው ገባ፣ ግድ የለኝም። ዘፋኙ ዘፈኑን ቁልቁል ካየው ግን አለቀለት።

ለምሳሌ ዩቲዩብ ላይ አሁን አንድ ፋሽን አለ። የልጆችን ዘፈን ይወስዱና ፒያኖ ብቻ ያደርጉበታል፣ ያዘገዩታል፣ በሹክሹክታ ይዘፍኑታል። ሦስት ስድስት ዘጠኝ እያሉ ማልቀስ ምን የሚሉት ነው? ልጅ ቢሰማው ብዜት አይማርም፣ እንቅልፍ ይወስደዋል። በ2023 ደግሞ ኤቢሲ ለ50ኛ ዓመቱ ብሎ ዝነኞችን ሰብስቦ በቴሌቪዥን አዘፍኗቸው ነበር። ሁሉም ይስቃል፣ ሁሉም አምሮበታል። ለእኔ ግን የሠርግ ቪዲዮ መሰለኝ። ሳልጨርሰው አጠፋሁት።

ለነገሩ ዘፈኖቹ አሁን ቅርስ ሆነዋል። የኮንግረሱ ቤተ መጻሕፍት ይጠበቁ ብሎ ከመዘገባቸው የአገሪቱ ድምፆች ውስጥ በ2019 አስገብቷቸዋል። የወጥ ጠብታ ያለበትን ደብተርሽን ግን እስካሁን አልጠየቁንም።

አንድ ነገር ሳስብ ገረመኝ። ዶሮ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው፣ ያረፈው በ2018። አባባ ተስፋዬም በ1923 ተወልደው በ2017 ነው ያረፉት። ሁለቱም ሰማንያንም ዘጠናንም አለፉ፣ ሁለቱም የሰው ልጅ ሲያሳድጉ። እኔ ሁለቱን አይቼ ያደግሁ ነኝ። አዲስ አበባ እያለን ጎረቤት ቤት ደጃፍ ላይ ጫማችንን አውልቀን፣ ወለሉ ላይ ተደርድረን «ጤና ይስጥልኝ ልጆች! የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች!» ሲሉ ቆመን እጅ የምንነሳ ሁሉ ነበርን። ቴሌቪዥኑ የሚያየን ይመስለን ነበር። እሳቸውም ቢሆኑ ልጅን ቁልቁል አላዩም። ተረቱን ሲነግሩን እንደ ትልቅ ሰው ነው ያናገሩን።

ታዲያ እዚያ ያሉት ወጣት ሙዚቀኞች የዚያን ዘመን የልጆች ዝማሬ እንደ ደ ላ ሶል ቢያደርጉት እንዴት ደስ ባለኝ። በራፕም ቢሆን፣ በቤዝ ጊታርም ቢሆን። ለቀልድ ብቻ አይሁን እንጂ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን እያዩ ያደጉትም አሁን ጎረምሶች ሆነዋል። የቀጭኔዋን ዘፈን አንድ ቀን ክለብ ውስጥ ብንሰማ አይግረምሽ። ያኔም «አበላሹት» ትያለሽ፣ አውቅሻለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የልጅ ልጅሽ ሦስተኛ ክፍል ገብታ ብዜት ጀምራለች። ባለ ሦስቱ ላይ ተቸግራለች። የሁንን ዘፈን አሰማኋት፣ «ይጮኻል» አለች (በዚህስ አንቺን ወጥታለች)። የዶሮን አሰማኋት፣ «የድሮ ነው» አለች። ስለዚህ ያንቺን ላኪልኝ። ቴሌግራም ላይ ማይኩን ተጭነሽ ይዘሽ «ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ» ብለሽ እስከ ሠላሳ ውረጂ። «አስራለት»ንም እንዳታርሚው። ሃያ ሰባት ላይ ከዜማ ብትወጪም ግድ የለም፣ ሳታቋርጪ ቀጥይ።

ስልክሽ «ሞልቷል» ካለሽ ጎረቤት ያለው ልጅ የእነዚያን የሠርግ ቪዲዮዎች ያጥፋልሽ፣ ሦስቴ ሦስቴ ነው የተላኩልሽ። የጉልበት ቅባቱን የሚመጣ ሰው አግኝቼ ሰጥቼዋለሁ፣ ማክሰኞ ይደውልልሻል። ሁለት ብልቃጥ ነው፣ አንዱን ለእትዬ ስጪ። ማታ ማታ እንጂ ጠዋት አትቀቢው፣ ልብስ ያበላሻል።

ልጅሽ